የእናቴ ዕድሜ በዓይን ግምት

አጎቴ ኤርጫፎ ሙዝ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ሚዛን አይዝም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት ማሳዎች ወደ አንዱ ይገባና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል፤ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ የደረቀውን ቅጠል ገልጦ ሥሩን ያያል፣ ገና ያልደረሰውን ዘለላ አንጋጦ ይመለከታል። ከዚያ ማሳው ላይ ለቆመው ፍሬ በሙሉ አንድ ዋጋ ይጠራል። በኋላ ፍሬው ቢበዛም ቢያንስም የእሱ ዕድል ነው። የሰፈሩ ሰው ኤርጫፎ ሲገምት አይስትም ይላል። እኔም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ነገሩን እንደ ሙያ ነበር የማየው።

የዚያን ቀን ጠዋት ከታላቅ ወንድሜ ከካሌብ ጋር ሲመጣ እናቴ ቦይ ውስጥ ቆማ ውኃውን ወደ ሙዙ ትመራ ነበር። እኔ ደረቅ ቅጠል እሰበስባለሁ። ሥራዬ ከተማ፣ ሴቻ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ማሳው ላይ የማግዛት ቅዳሜ ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከውኃውና ከአፈሩ ጋር የምትታገለው ብቻዋን ነች።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከወንዙ በላይ ሎጅ የሚሠራ ድርጅት ዳግም የሚባል የሕግ ባለሙያ ልኮብን ነበር። መሬት ስለማይሸጥ ድርጅቱ ማሳችንን በረጅም ዘመን ኪራይ ሊወስደው ይፈልጋል፤ ቤታችን አይነካም። ክፍያውን በተመለከተ እናቴ ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ ነገራት። ወይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትወስዳለች፣ ወይ ደግሞ በሕይወት እስካለች ድረስ በየወሩ ይከፈላታል። ስትሞት ወርሃዊው ይቆማል፤ ማሳው ግን የኪራዩ ዘመን እስኪያልቅ ከድርጅቱ ጋር ይቆያል።

“የባንክ ዋስትና አለው። ድርጅቱ ቢከስር እንኳ የእርስዎ አይቋረጥም፣ እማማ” አላት።

“የሚያቋርጠው የእኔ መሞት ብቻ ነው ማለት ነው?”

ዳግም አፍሮ ብዕሩን ማየት ጀመረ። “እንደዚያ ነው” አለ።

አጎቴ ይህንን ከካሌብ ሰምቶ ነው የመጣው። ወደ ቦዩ ጠርዝ ቀርቦ “እትዬ፣ እስኪ ከውኃው ውጪ” አላትና እጁን ዘረጋላት። እናቴ እጁን ይዛ ወጣች። እሱ ግን ፊቷን አላየም። መጀመሪያ ያየው እግሯን ነው። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱን ሲያነሳ ጎድጓዳው ሳይሞላ ቀረ። ጎድጓዳውን ትንሽ ጠብቆ አየው።

“ይሄ መቼ ጀመረሽ?”

“ቦይ ውስጥ የሚውል እግር ምን እንዲሆን ፈለግክ?”

“ትንፋሽሽስ? ዳገት ስትወጪ አያጥርሽም?”

“ምነው፣ ልትገዛኝ ነው እንዴ?” አለችው እየሳቀች።

“አንቺንማ ማን ችሎ!” ብሎ እሱም ሳቀ። እየሳቀ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ስቦ ቅላቱን አየ። ድዷን አየ። ክንዷን፣ ሥጋው የላላበትን ቦታ፣ በሁለት ጣት ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከታት። አቋቋሙን አወቅሁት። የያዝኩት ቅጠል ከእጄ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

እናቴ ልብሷን ልትቀይር ስትገባ ሁለቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆሙ። እኔ በቅጠሉ ክምር በኩል ነበርኩ፤ መኖሬን ማንም ልብ አላለውም። ብዙ ጊዜ ልብ አይሉኝም።

“አምስት” አለ አጎቴ።

“አምስት ምን?” አለ ካሌብ።

“ዓመት ነዋ። እሱም ጌታ ከጨመረላት። ታችኛው ቅጠል ደርቋል፣ ግንዱ ቀጥኗል። እንዲህ ያለ ማሳ የእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ገንዘቤን እላለሁ እንጂ የነገን አልጠብቅም። በአንድ ጊዜ ትውሰድ!”

“እኔስ ምን አልኩ? ግን እሷ ወርሃዊውን ነው የምትለው።”

አጎቴ ዞር ሲል አየኝ፤ አልደነገጠም። “ምሥጋናዬ፣ ነይ እስኪ! አንቺ ስታቲስቲክስ የተማርሽ፣ ወርሃዊው ከጠቅላላው ጋር እኩል የሚሆነው ስንት ዓመት ብትኖር ነው?”

ዳግም በመጣበት ቀን አስልቼው ነበር። ያሰላሁት ለእናቴ ነው፤ ምርጫዋን እንድታውቅ። አሁን ግን መልሱ ምላሴ ላይ እንደ ቆሻሻ ነገር ሆነብኝ።

“ሰባት” አልኩ።

“አየህ!” አለ ካሌብ አጎቴን በክርኑ ገፋ አድርጎ። “ሁለት ዓመት ኪሳራ!”

እናታችን ከሂሳቡ ሁለት ዓመት ቀድማ ትሞታለች፤ ወንድሜ ያዘነው ለሁለቱ ዓመት ነው። ቅጠሌን ይዤ ሄድኩ።

ምሳ ላይ እናቴ የበቆሎ ኩርኩፋ ከሀለኮ ቅጠል ጋር ቀቅላ አቀረበች፤ ካሌብ ከአባያ ሐይቅ የመጣ ዓሣ ገዝቶ ነበር። ከመብላታችን በፊት አጎቴ ጸለየ። ጸሎቱ ረጅም ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ታዋቂ ነው። “ጌታ ሆይ፣ ለእህቴ ዕድሜ ጨምርላት፣ እንደ ንስር አድሳት” እያለ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገ። ዓይኔን ገልጬ አየሁት። በጸሎት ጊዜ ዓይን መግለጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው ነገር ነበር። አጎቴም ዓይኑን ገልጦ ከዓሣው ትልቁ የትኛው እንደሆነ እያየ ነበር። ካሌብ “አሜን!” ሲል አንድ ቁራጭ ቀድሞ አጎቴ አፍ ውስጥ ገብቷል።

አጎቴ ላይ የላምባ ሽታ አለ። ሙዝ የሚያበስለው በዝግ ክፍል ውስጥ ላምባ እያጨሰ ስለሆነ ሽታው ልብሱንም ጸጉሩንም አይለቅም። ዓሣው ሁሉ እሱን እሱን ሸተተኝ። ሲጨርስ ባሳደገው የትንሽ ጣቱ ጥፍር ከጥርሱ መሃል እሾህ አወጣና ጥፍሩን ከጠረጴዛው ሥር ጠረገ።

“እትዬ፣ በአንድ ጊዜ የመጣ ገንዘብ ይሠራል። በየወሩ የሚንጠባጠብ ግን ለሽንኩርት ነው የሚያልቀው” አለ።

“ለማን ነው የሚሠራው?” አለች እናቴ።

“ለእኛ ነዋ፣ እማ” አለ ካሌብ። “ባጃጅ እገዛለሁ። በየቀኑ ገቢውን አመጣልሻለሁ።”

“አሁን በምትነዳው ባጃጅ ምን አመጣህልኝ?”

“እሱ የሰው ነው።”

“ጎማው የሰው ነው እሺ። እጅህም የሰው ነው?”

ካሌብ ኮስተር ብሎ ስልኩን አወጣ። እናቴ ሳህኖቹን እየደራረበች “እኔ የወደድኩት ወርሃዊውን ነው። ጨው ሲያልቅብኝ ማንንም ደጅ አልጠናም። አንዴ የመጣውማ እናንተ ሳትበሉት ያድር ይመስላችኋል?” አለች።

አጎቴ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ “እሺ፣ እንደ ወደድሽ። ግን ከመወሰንሽ በፊት ሐኪም ይይሽ። እኔ እከፍላለሁ። እህቴ አይደለሽ?” አላት። ለምን እንዲህ እንዳለ ገባኝ። ገዢ ዋጋ ሲከራከር አንድ ጣት ሙዝ ገንጥሎ፣ ልጦ ጉድለቱን ያሳያል። እሱም ሐኪም ድካሟን ልጦ እንዲያሳያት ነው የፈለገው።

ሰኞ ከቢሮ አስፈቅጄ አብሬያቸው ሲቀላ ሰፈር ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድኩ። አጎቴ ውጪ እንዲቆይ ቢነገረውም “ወንድሟ ነኝ” ብሎ ምርመራ ክፍል ገባ። ሐኪሟ ዶክተር ዕድላዊት ትባላለች፤ ወጣት ነች፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። እናቴን ከመረመረችና የደሙ ውጤት ከመጣ በኋላ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

“እናት፣ እግርዎ ያበጠው ውኃ ውስጥ ቆመው ስለሚውሉ ነው፤ ትንሽም ቁስል አለ፣ ቅባት አዝዝልዎታለሁ። ልብዎ ደህና ነው። ኩላሊት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ሁሉም ደህና ነው። ብዙ ወጣት እንዲህ ያለ ውጤት የለውም።”

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። “ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ በአማካይ ስንት…”

“ስንት ምን?”

“ማለቴ ገና ስንት ዓመት…”

ዶክተሯ እሱን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ወለሉን አየሁ። እሷ ግን ወደ እናቴ ዞራ “ወላጆችዎ በምን ሞቱ?” አለቻት።

“በእርጅና” አለች እናቴ። “እናቴ ከዶርዜ እስከ ጨንቻ ገበያ በእግሯ ትመላለስ ነበር። የልጅ ልጇን ልጅ አቅፋ ነው የሞተችው፣ ጥርሷ እንኳ አልወለቀም። አባቴ ደግሞ ከእሷም በኋላ ብዙ ቆይቷል። ኤርጫፎ፣ አይደለም እንዴ? አንተ አይደለህ የቀበርካቸው?”

አጎቴ የገዛ እናትና አባቱን ረስቷቸው ነበር። ግንዱን አየ፣ ቅጠሉን አየ፣ ዘሩን ሳይጠይቅ ዋጋ ጠራ። አሁን እንደገና እያሰላ ነበር፤ ስሌቱ ወዴት እንደሚሄድ ከፊቱ ላይ ይነበባል። መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ፊቱ እየፈካ ሄደ።

ከክሊኒኩ ስንወጣ የእናቴን ክንድ ያዘ። “ቀስ እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ!” አላት። ጠዋት ስንገባ በዚያው ደረጃ ቀድሞን ነበር የወጣው። ጭማቂ ቤት አስገብቶ የማንጎ ጭማቂ አዘዘላት፤ አፏን በራሱ መሃረብ ሊጠርግላት ሲል ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ አንድ ጀሪካን ወተት፣ ማርና አዲስ የዶርዜ ጋቢ ይዞ መጣ። ጋቢውን በትከሻዋ ላይ ጣለና በጉልበቱ ተንበርክኮ ጸለየ። ያው ጸሎት ነው፤ ዕድሜዋን ጨምር፣ እንደ ንስር አድሳት። አሁን ግን እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። እንባው እውነተኛ ነበር። በየወሩ እስካለች ድረስ የሚመጣውን አስቦ ከልቡ ነው የለመነው። በሐሰት ሲጸልይ ከሰማሁት ይልቅ በእውነት ሲጸልይ አስጠላኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ስመለስ ካሌብ መጥቶ ነበር። “ወርሃዊው ነው የሚሻላት” አለው አጎቴ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያው የእሱ እንደነበረ ሁሉ። “ደግሞ እዚህ ወባ አለ። ወደ እኔ ቤት፣ ሴቻ ትምጣ። አየሩ ጥሩ ነው። እኔ እጦራታለሁ።”

“እናቴ እኮ ናት!” አለ ካሌብ። “ልጇ እያለሁ አንተ ምን ቤት ነህ? እኔው ተመልሼ እገባለሁ።”

“አንተ ራስህን መቼ ቻልክ?”

“ያንተም ወተት ውኃ የበዛበት ነው፣ አጎቴ! አየነው እኮ!”

“ውኃ? የእኔ ላም ውኃ አትሰጥም!”

እናቴ በመሃላቸው ተቀምጣ የሙዝ ቅጠል ትሰነጥቅ ነበር። አንዳቸውም የት መኖር እንደምትፈልግ አልጠየቋትም።

ካሌብ ፍራሹን ተሸክሞ ገባ። አጎቴ በየቀኑ መጣ። እንዳትወድቅ ብለው መቆፈሪያዋን ደበቁባት፤ እግሯን ውኃ እንዳይነካው ብለው ወደ ቦዩ እንዳትወርድ አደረጉ። ጠዋት ወተት፣ ቀትር ወተት፣ ማታ ወተት። እናቴ ወተት አይስማማትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታው አታውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ በበሩ ሥር አስመለሳት። ካሌብ ሮጦ ግንባሯን ያዘላት። በሌላው እጁ ብርጭቆውን ይዞ “የቀረውን ቀስ ብለሽ ጨርሺው፣ እማ፣ ጉልበት ይሆንሻል” ይላል። ከአገጯ ላይ ነጭ ነገር ይንጠባጠባል። ብርጭቆውን ከእጁ ወስጄ መሬት ላይ ደፋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ።

ሲመሽ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። እግሯን ቅባት እየቀባሁላት ነበር።

“ልጅ ሳለሁ ሊታረድ የተቃረበ በሬ ነው እንዲህ ይቀለብ የነበረው” አለች።

“አይደለም እማ። የሚያልቡሽ ነው የመሰላቸው።”

ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቋ ቆመ። “አጎትሽ ውክልና ስጪኝ ይለኛል። ባንክ ሄዶ እሱ ሊቀበልልኝ። ደካማ ነሽ ይላል። ካሌብም ለእኔ ስጪ ይላል። ቤቴ ውስጥ ውኃ መቅዳት ተከልክያለሁ፣ ምሥጋና። ገንዘቡንም ከያዙት እንግዲህ የእኔ የሚሆነው መተንፈሱ ብቻ ነው።”

በማግስቱ ከቢሮው ኮሪደር ለዳግም ደወልኩ። ለማላውቀው ሰው ስልክ መደወል አልወድም፤ ድምፄ ይጠፋል። “እናቴ መርጣለች፤ ይምጡና ራሷን ይጠይቋት” አልኩት። “ራሷን” የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። አጎቴና ካሌብም ደረሱ፤ ከዳግም ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

“እማማ ማሚቱ፣ የትኛውን መረጡ?” አለ ዳግም።

“ወርሃዊውን ነው” አለ አጎቴ። “ተነጋግረን ጨርሰናል። ውክልናውን ለእኔ ትሰጠኛለች። እንደምታያት አቅም የላትም፤ የባንክ ሰልፍ አትችልም።”

“ለምን ላንተ?” ካሌብ ብድግ አለ። “ልጅ የላትም እንዴ?”

“አንተ ባጃጅህ ላይ ስትዞር…”

“አንተስ ላምባ ስታጨስ!”

እናቴ ድምፅዋን ሳታነሳ “ኤርጫፎ” አለች። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። “ሐኪም ቤት ማን ነው የወሰደኝ?”

“እኔ ነኝ እትዬ። በገንዘቤ።”

“ዶክተሯ ምን አለች?”

አጎቴ ወደ ማንጎው አንጋጠጠ።

“ጆሮህ ነው የታመመው? ምን አለች?”

“ደህና ነሽ አለች።”

“ታዲያ ለመኖር ጤነኛ፣ ባንክ ለመሄድ በሽተኛ አደረግከኝ? አንዱን ያዝ እንጂ! ዛሬ ደካማ ናት ካልክ በአንድ ጊዜ ልቀበልና እኔው ልጨርሰው። ጤነኛ ነች ካልክ ደግሞ እግር አለኝ።”

አጎቴ ነገሩን ከየትኛውም በኩል ቢይዘው ኪሳራው የራሱ ነበር። ዳግም ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ።

“ጻፍ ልጄ” አለችው እናቴ። “በየወሩ። ለእኔ ለራሴ፣ እኔው ፈርሜ። በስሜ ሌላ ሰው ቢመጣ እንዳይሰጡት። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል?”

“ይቻላል፣ እማማ።”

ጻፈው። ፈረመች። አጎቴ ምስክር እንዲሆን ሲጠየቅ ዓይኑን አሞኛል አለ፤ ጎረቤታችን ጉታ ተጠርቶ ፈረመ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ከእናቴ ጋር ባንክ ስንሄድ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። አጎቴ ቀኝ ክንዷን፣ ካሌብ ግራ ክንዷን ያዙ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ወደ እኔ ዘንበል ብለው “የታደለች እናት! እንዲህ ያለ ወንድምና ልጅ ለሁሉም ይስጥ” አሉኝ። “አሜን” ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እናቴን ተከትዬ ወደ መስኮቱ አለፍኩ።

እናቴ ፈርማ ተቀበለች፣ በጨርቅ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተች። የአጎቴ ዓይን ቋጠሮውን እስከ ደረቷ ድረስ ሸኘው። ልክ ከበሩ እንደወጣን እንደገና ክንዷን ያዙ፤ አያያዛቸው ከመግቢያው ጠበቅ ይላል።

“እትዬ” አለ አጎቴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ “እንዲያው ለወተቱ ብቻ…”

እናቴ ደረጃው ላይ ቆመች። ወደ እሱ አልዞረችም። “ምሥጋና” አለችኝ፣ “እጄን አስለቅቂኝ።”

እኔ የታክሲ መልስ መጠየቅ አፍሬ የምወርድ ሰው ነኝ። ቦርሳዬን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። ካሌብ ሳልደርስበት በራሱ ለቀቀ። አጎቴ አልለቀቀም፤ እየሳቀ “ምን ነካሽ?” አለኝ። ከትንሿ ጣቱ ጀመርኩ። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ ላብ ነበራቸው፣ አንዱን ስፈታ ሌላው ይበልጥ ይጠብቃል። የእናቴ ቆዳ ከሥራቸው ነጥቶ ነበር።

“ሰው ያያል እኮ፣ ልጄ” አለ በሹክሹክታ።

“ይይ” አልኩት።

የመጨረሻውን ጣት አላቀቅሁ። እናቴ ብረቱን ይዛ ቀስ እያለች ብቻዋን ወረደችና ታች ቆማ ጠበቀችኝ። አጎቴ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቦርሳዬን አንስቼ ስወርድ መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁት፤ ታች ስደርስ ደግሜ ጠረግሁት።